አውሮፕላን ማረፊያና ጎልፍ ሜዳ ለምን ጎረቤት ሆኑ?

ባንኮክ ውስጥ ዶን ሙአንግ የሚባል ኤርፖርት አለ። ሁለት ትይዩ መንደርደሪያዎች አሉት። በሁለቱ መሀል ባለ 18 ጉድጓድ ጎልፍ ሜዳ ተዘርግቷል። ካንታራት ይባላል፤ የታይላንድ አየር ኃይል ነው። በሜዳውና በመንደርደሪያዎቹ መሀል አጥር የለም። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲቃረብ ቀይ መብራት ይበራል። ተጫዋቹ ዱላውን አውርዶ ይቆማል። ጎማው አስፋልቱን ሲነካ ጭሱ ቡን ሲል ከቅርብ ያያል። መብራቱ ሲጠፋ ኳሱን ይመታል።

የዚህን ሜዳ ፎቶ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይላል። ወይ «ይሄ እብደት ነው»፣ ወይ «ለጄኔራሎች ሲሆን ምን የማይፈቀድ አለ?»። ዶን ሙአንግ በእርግጥ ጽንፍ ነው። ጎልፍ ሜዳን ከኤርፖርት ጎን ማግኘት ግን እንግዳ ነገር አይደለም። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ኢትዮጵያዊ ሬገን ኤርፖርትን በደንብ ያውቀዋል። ከኤርፖርቱ ፊት ለፊት፣ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ሄይንስ ፖይንት ላይ የሚታየው አረንጓዴ ሜዳ ጎልፍ ሜዳ ነው። ኒው ዮርክም፣ ሎስ አንጀለስም፣ ዳላስም፣ ሴኡልም እንዲሁ ነው።

ጥያቄው አሁን ለእኛም ቀርቧል። ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የሚሠራው አዲሱ ኤርፖርት ግንባታ በጥር 2026 ተጀምሯል። ሲጠናቀቅ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታስቧል። ከዚያ በፊት በታኅሣሥ 2024 ደቡብ ኮሪያ ሙዋን ላይ የጄጁ ኤር አውሮፕላን ተከስክሶ 179 ሰዎች ሞተዋል። በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ የዳክዬ ላባ ተገኝቷል። ያን ጊዜ ስለ ወፍና ስለ ኤርፖርት ዙሪያ ብዙ ተወራ። ብዙው ወሬ ግን «አረንጓዴ ከሆነ ጥሩ ነው» እና «ወፍ ካለ አደጋ ነው» በሚሉ ሁለት ሐሳቦች መሀል ተንጠልጥሎ ቀረ። ጎልፍ ሜዳ ሁለቱንም በአንድ ቦታ የያዘ ስለሆነ ነገሩን ለመረዳት ጥሩ ምሳሌ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ዓይነት መሬት የሚፈልጉ ሁለት ባለጉዳዮች

ጎልፍና አቪዬሽን መጀመሪያ የተገናኙት በመሬት ነው። ሁለቱም ሰፊ፣ ሜዳማና ሕንፃ የሌለበት ቦታ ይፈልጋሉ። ከከተማ በጣም እንዲርቅም አይፈልጉም። 18 ጉድጓድ ያለው ሜዳ በአማካይ ከ50 እስከ 70 ሄክታር ይወስዳል። እንዲህ ያለ መሬት ከተማ ዳር ላይ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ አንዱ ያየውን ሌላውም ያየዋል።

የኒው ዮርኩ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ኤርፖርት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ግንባታው በ1943 ሲጀመር ቦታው ላይ አይድልዋይልድ የሚባል ጎልፍ ሜዳ ነበር። ኤርፖርቱ በ1948 ሲከፈት ሕዝቡ የጠራው በሜዳው ስም ነው። የፕሬዚዳንቱ ስም የተሰጠው ከግድያው በኋላ፣ በ1963 መጨረሻ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ተርንቤሪ ደግሞ ታሪኩ ወዲያና ወዲህ ነው። ጎልፍ ሜዳው በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች ጊዜ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ሆነ። በ1951 ዳግም ለጎልፍ ተከፈተ። የድሮው መንደርደሪያ ቅሪት እስካሁን ከሜዳው አጠገብ አለ።

አዲስ አበባም የራሷ ትንሽ ምሳሌ አላት። ጎልፍ ክለቡ ያለው «ኦልድ ኤርፖርት» በሚባለው ሰፈር ነው። የጄት አውሮፕላን ዘመን ሲመጣ የልደታው ማረፊያ አልበቃ ብሎ ቦሌ ተሠራ። የመንገደኞች በረራ ሄደ፤ ስሙ ለሰፈሩ ቀረ። ዛሬ ያን ስም የሚጠራ ሰው ስለ ቪላና ስለ ኤምባሲ እንጂ ስለ አውሮፕላን አያስብም።

ፕላነሮች ለምን ይወዱታል?

ከጦርነቱ በኋላ ጄት ሲመጣ ጉርብትናው ከአጋጣሚነት ወደ እቅድ ተለወጠ። ምክንያቱ አንድ ነው፤ የመንደርደሪያ ጫፍ ላይ ሰው እንዲኖር አይፈለግም።

የመጀመሪያው ችግር ድምፅ ነው። አሜሪካኖች የኤርፖርትን ድምፅ የሚለኩት «ዲኤንኤል» በሚባል መለኪያ ነው። የ24 ሰዓት አማካይ ድምፅ ማለት ነው። የሌሊቱ በረራ ላይ ግን 10 ዴሲቤል ይጨመርበታል፤ ሰው በሚተኛበት ሰዓት ድምፁ ይበልጥ ስለሚረብሽ። ይህ ቁጥር 65 ሲደርስ ቦታው ለመኖሪያ ቤት አይመችም ተብሎ ይቆጠራል። ጎልፍ ሜዳ ግን ከዚያ በላይ ይችላል። ተጫዋቹ አራት ሰዓት ያህል ቆይቶ ይሄዳል። የሚተኛ ሕፃን የለም፤ ክፍል ውስጥ የሚያስተምር መምህር የለም።

ሁለተኛው የአደጋ ጉዳይ ነው። ከባድ አደጋዎች በብዛት የሚደርሱት አውሮፕላን ሲነሳና ሲያርፍ ነው። ስለዚህ ከመንደርደሪያው ጫፍ ቀጥሎ ያለው መሬት ላይ ማን አለ የሚለው ጥያቄ የሕይወትና የሞት ጥያቄ ነው። በሰኔ 2025 አሕመዳባድ ላይ የኤር ኢንዲያ ቦይንግ 787 በተነሳ በሰከንዶች ውስጥ የሕክምና ኮሌጅ መኖሪያ ሕንፃ ላይ ወደቀ። ከ260 ሟቾች 19ኙ አውሮፕላኑ ውስጥ አልነበሩም። መሬት ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ከዚህ ጋር የሎስ አንጀለሱን ክስተት አስተያዩት። በመጋቢት 2015 ተዋናዩ ሃሪሰን ፎርድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ማሠልጠኛ አውሮፕላን ከሳንታ ሞኒካ ተነሳ። ወዲያው ሞተሩ ጠፋ። ወደ ኤርፖርቱ ለመመለስ ከፍታ አልበቃውም። ያረፈው ጎረቤት ባለው ፔንማር ጎልፍ ሜዳ ላይ ነው። እሱ ክፉኛ ተጎዳ፤ መሬት ላይ የነበረ ሰው ግን አልተነካም። ዙሪያውን ያለው ቤት በቤት ነው። ሁለቱን ማወዳደር ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም፤ አንዱ ሁለት ሰው የሚይዝ ትንሽ አውሮፕላን፣ ሌላው ነዳጅ የሞላ ትልቅ ጄት ነው። ቢሆንም ፕላነሮች ባዶ ሜዳ ለምን እንደሚመኙ ይገባል።

የአሜሪካ ፌደራል አቪዬሽን አስተዳደር (ከዚህ በኋላ ኤፍኤኤ እንበለው) ለዚህ ቦታ «የመንደርደሪያ መከላከያ ቀጣና» የሚል ስም ሰጥቶታል። ከመንደርደሪያው ጫፍ ወደ ውጭ እየሰፋ የሚሄድ ቅርጽ ያለው መሬት ነው። የድሮው መመሪያ እዚያ ጎልፍ ሜዳ ሊኖር ይችላል፣ የክለቡ ሕንፃ ግን አይፈቀድም ይል ነበር። ተበትነው የሚሄዱ አራት ተጫዋቾችና ምሳ ላይ የተሰበሰቡ 200 እንግዶች አንድ አይደሉም። ከ2012 ወዲህ ግን ጠበቅ ብሏል። አሁን አዲስ ጎልፍ ሜዳ እዚያ ቀጣና ውስጥ የሚገባ ከሆነ አስቀድሞ ከኤፍኤኤ ጋር መመካከር ግድ ነው።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። ባዶ መሬት አጥርና ጥበቃ ይበላል፤ ገቢ አያስገባም። ሊዝ የሚከፍል ጎልፍ ሜዳ ግን ሣሩን ራሱ ያጭዳል፣ ዘበኛውን ራሱ ይቀጥራል። የዳላስ ፎርት ወርዝ ኤርፖርት በራሱ ይዞታ ላይ ቤር ክሪክ የሚባል ጎልፍ ሜዳ ያስቀመጠው ለበጎ አድራጎት አይደለም።

ሣሩ ለማን ይመቻል?

እስከዚህ ድረስ ጎልፍ ሜዳ ጥሩ ጎረቤት ይመስላል። ችግሩ ሰውን ያራቀው ሜዳ ወፍን መጥራቱ ነው።

የካናዳ ዝይን እንውሰድ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ አብራሪዎች ከሚፈሯቸው ወፎች አንዱ ነው። ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይመዝናል፤ የሚበረውም በመንጋ ነው። ዝይ እንደ በግ ሣር ይግጣል። የሚወደው አጭር፣ ለስላሳ፣ ውሃና ማዳበሪያ የጠገበ ቡቃያ ነው። ሲግጥ ቀበሮ እንዳይመጣበት ዙሪያውን ማየት ይፈልጋል። አጠገቡ ኩሬ ቢኖር ደግሞ ሲደነግጥ ዘሎ ይገባበታል። አጭር ሣር፣ ክፍት እይታ፣ ኩሬ፣ አዳኝ የሌለበት ቦታ። አንድ ሰው ለዝይ የሚመች ቦታ ንድፍ ይሥራ ቢባል ጎልፍ ሜዳ ሠርቶ ይመጣል።

ኤርፖርቶች በራሳቸው ግቢ ውስጥ የሚያደርጉት ደግሞ ተቃራኒውን ነው። እንግሊዝ ውስጥ የተለመደው ሣሩን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ማስረዘም ነው። ወፏ ሣሩ ውስጥ ስትገባ ማየት አትችልም፤ ትሉንም ለማግኘት ትቸገራለች። ስለዚህ ትሄዳለች። የጎልፍ ሜዳ «ግሪን» ላይ፣ ማለትም ጉድጓዱ ባለበት በጣም የተላጨው ቦታ ላይ፣ ሣሩ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ነው። እንግዲህ አጥሩ ወዲህ ያለው ሠራተኛ ሣር ሲያስረዝም፣ አጥሩ ወዲያ ያለው ሲላጭ ይውላል ማለት ነው። ሁለቱም ሥራቸውን በደንብ እየሠሩ ነው።

አደጋው የቱ ጋ እንደሆነ ለማየት ትንሽ ሒሳብ ይበቃል። አውሮፕላን ለማረፍ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ይወርዳል። በዚህ ስሌት ከመንደርደሪያው 3 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ያለው ከፍታ 170 ሜትር ገደማ ነው። 1 ኪሎ ሜትር ሲቀረው 67 ሜትር። የወፍ ግጭት መዝገቦች ደግሞ አብዛኛው ግጭት የሚደርሰው ከ150 ሜትር በታች እንደሆነ ያሳያሉ። ከኩሬ ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ ኩሬ የሚመላለስ መንጋ የሚበረውም እዚያው ከፍታ ላይ ነው።

ኤፍኤኤ የጻፈው ርቀትም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ፒስተን ሞተር ያላቸው ትናንሽ አውሮፕላኖች ለሚጠቀሙበት ኤርፖርት ወፍ የሚስብ ነገር ቢያንስ 1.5 ኪሎ ሜትር ይራቅ ይላል። ጄት የሚጠቀምበት ከሆነ 3 ኪሎ ሜትር። ለመውጫና ለመግቢያ መስመሩ ደግሞ እስከ 8 ኪሎ ሜትር ድረስ ጥንቃቄ ይመክራል። በዚህ ክልል ውስጥ አዲስ ጎልፍ ሜዳ እንዳይሠራም መክሯል። ቀድሞ ያለው ወፍ የሚቀንስበትን ዕቅድ እንዲያወጣ ይፈልጋል። ያው መሥሪያ ቤት በአንድ ሰነድ «ጎልፍ ሜዳ ሰው ስለማይበዛበት ይቻላል»፣ በሌላው «ወፍ ስለሚበዛበት ባይሠራ ይሻላል» ብሎ ነበር። ብዙው ግራ መጋባት የመጣው ከዚህ ነው። ሁለቱ ሰነዶች የተጻፉት ለሁለት የተለያዩ አደጋዎች ነው።

ወፍ ሞተር ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ኢትዮጵያ ከብዙ አገሮች ቀድማ አይታዋለች። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ ውስጥ ገባ። ሁለቱም ሞተሮች ርግብ ዋጡ። የጄት ሞተር ፊት ለፊቱ ያለው ማራገቢያ በከፍተኛ ፍጥነት ይሽከረከራል። ወፍ ሲመታው የማራገቢያው ምላጭ ይጎብጣል ወይም ይሰበራል፤ የአየሩ ፍሰት ይዛባል፤ ጉልበቱ ይወርዳል። አንድ ሞተር ከቀረ አውሮፕላን መብረር ይችላል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲጎዱ ግን ያለው አማራጭ ከታች ያለው መሬት ብቻ ነው። አብራሪዎቹ ሊመለሱ ቢሞክሩም አልሆነላቸውም፤ አውሮፕላኑን ሜዳ ላይ በሆዱ አሳረፉት። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። እዚያ ጎልፍ ሜዳ አልነበረም። ርግብ ጎልፍ ሜዳ አትፈልግም፤ እህል ይበቃታል።

ማስተካከያው እስከምን ይሄዳል?

ሜዳው ካለ ወፉን መቀነስ ይቻላል። የኩሬውን ዳር ቀጥ ያለ ገደል ማድረግ አንዱ ነው፤ ዝይ በእግሩ እየተራመደ መውጣትና መግባት ይወዳል። ውሃው ላይ ሽቦ መዘርጋት ወይም በጥቁር የፕላስቲክ ኳሶች መሸፈንም ይሠራል። የጎርፍ ማጠራቀሚያ ከሆነ ኤፍኤኤ ከዝናቡ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲደርቅ ይመክራል። ውሻም አለ። የፍሎሪዳው ፎርት ማየርስ ኤርፖርት በ1999 ጄት የሚባል ቦርደር ኮሊ ቀጥሮ ነበር። የበግ እረኛ ዝርያ ነው፤ ወፉን አይነክስም፣ ዝም ብሎ ያባርራል። ጎልፍ ሜዳዎችም ይህንኑ ዝርያ ይጠቀማሉ። ችግሩ አንድ ውሻ ከሜዳው ያባረረው መንጋ ወዴት እንደሚበር ማንም አያዘውም። ወደ መንደርደሪያው ቢሄድስ? ኤርፖርቱና ክለቡ በስልክ የማይነጋገሩ ከሆነ ማባረሩ ራሱ አደጋ ነው።

ዛፍም ሌላ ጣጣ ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት አውሮፕላን በሚገባበት መስመር ስር ያለ ነገር ከመንደርደሪያው በራቀ ቁጥር 2 በመቶ እየጨመረ ከሚሄድ ጣሪያ ማለፍ የለበትም። 1 ኪሎ ሜትር ርቆ ጣሪያው 19 ሜትር ገደማ ነው። ያደገ ባሕር ዛፍ ያልፈዋል።

ከሁሉም የሚገርመው የአቡ ዳቢው ነው። ከኤርፖርቱ አጠገብ አል ጋዛል የሚባል የአሸዋ ጎልፍ ሜዳ ተሠርቶ ነበር። ሣር የለውም። ተጫዋቹ ትንሽ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ይዞ ይዞራል፤ ኳሱን እሷ ላይ አስቀምጦ ይመታል። ጉድጓዱ ያለበት ቦታ «ግሪን» መባሉ ቀርቶ «ብራውን» ይባላል፤ አሸዋ በዘይት ተለውሶ የተጠቀጠቀ ነው። የተሠራው በውሃ እጥረት እንጂ በወፍ ፍርሃት አልነበረም። ነገር ግን ሣርም ኩሬም የሌለበት ቦታ ዝይ ምን ይሠራል?

በሃድሰን ወንዝ የተነሳው ክርክር

ጎልፍ ሜዳዎችን ሁሉ ጥፋተኛ የሚያደርገው ወገን ሁልጊዜ የሚጠቅሰው ጥር 15 ቀን 2009ን ነው። ከኒው ዮርክ ላጓርዲያ የተነሳ ኤርባስ ኤ320 የካናዳ ዝይ መንጋ ገጥሞት ሁለቱም ሞተሮቹ ጠፉ። አብራሪው ሃድሰን ወንዝ ላይ አሳረፈው፤ 155ቱም ተረፉ። በቀጣዩ ክረምት ከተማዋ በፓርክና በጎልፍ ሜዳ የሚኖሩ ዝይዎችን እየሰበሰበች ማስወገድ ጀመረች።

ስሚትሶኒያን የሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ግን ከሞተሮቹ የተገኘውን ላባ መረመሩ። ወፍ የሚበላውና የሚጠጣው ነገር ኬሚካላዊ አሻራ ላባው ላይ ይቀራል። ውጤቱ ዝይዎቹ የከተማዋ ነዋሪዎች እንዳልነበሩ አሳየ። ከካናዳ ላብራዶር የመጡ ስደተኞች ናቸው። ግጭቱም የደረሰው 850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከኤርፖርቱ ብዙ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ነው። የ3 ኪሎ ሜትሩ ደንብ አንድም ነገር ባልለወጠ ነበር።

ታዲያ የአካባቢውን ዝይ ማስወገድ ስህተት ነበር? እንስሳት ወዳዶች አዎ ይላሉ፤ ባልሠሩት ጥፋት ነው የተቀጡት። የኤርፖርት ሰዎች መልስ ሌላ ነው። ስደተኛው ዝይ በዓመት ሁለት ጊዜ ያልፋል፤ ነዋሪው ግን 365 ቀን እዚያው ነው፤ አደጋ የሚለካው ደግሞ በመገናኘት ብዛት ነው ይላሉ። ይህ መልስ ክብደት አለው ባይ ነኝ። ነገር ግን አንድን ትልቅ አደጋ ወስዶ ለሌላ ችግር ማስረጃ ማድረግ ሰውን ያሳስታል። የሃድሰኑ ታሪክ ስለ ጎልፍ ሜዳ የሚነግረን ነገር የለም።

ሊዙ ሲያልቅ

ከወፉ ይልቅ ብዙም የማይወራለት ጉዳይ መሬቱን መልሶ መውሰድ ነው። እኔ እንደማየው ለድሃ አገር የበለጠ የሚያሳስበውም ይሄ ነው።

በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሴኡል የሚሄድ ሰው የሚያርፈው ኢንቾን ነው። የኢንቾን ኤርፖርት ኮርፖሬሽን ለአምስተኛ መንደርደሪያ የያዘው ትልቅ መሬት ነበረው። መንደርደሪያው እስኪደርስ ባዶ ከሚቀር ብሎ በ2002 ለጎልፍ ኩባንያ አከራየው። ስካይ 72 የሚባል፣ 72 ጉድጓድ ያለው ሜዳ ተሠርቶ በ2005 ተከፈተ። ታላላቅ የሴቶች ውድድሮች ይደረጉበት ጀመር። ውሉ የሚያበቃው በ2020 መጨረሻ ነበር።

2020 ደረሰ። መንደርደሪያው ግን አልተጀመረም። ኮርፖሬሽኑ ሌላ ተከራይ በጨረታ መረጠ። ነባሩ ኩባንያ «ውሉ የተቆረጠው መንደርደሪያው ይሠራል ተብሎ ነው፤ ካልተሠራ ለምን እወጣለሁ? ለዚህ ሁሉ ልማትስ ማን ይከፍለኛል?» የሚል ክርክር ይዞ ቀረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እዚህ ግን ወረቀቱ ቢለቅም ተከራዩ አልለቀቀም። በ2021 ኮርፖሬሽኑ ውሃና መብራት ቆረጠ። ጨዋታው ቀጠለ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በታኅሣሥ 2022 ለኤርፖርቱ ተፈረደ። በማስለቀቁ ቀን ግብግብ ነበር። ዛሬ ሜዳው ክለብ 72 ተብሎ በሌላ ኩባንያ እጅ ነው።

ልብ ይበሉ፤ ይህ የሆነው ፍርድ ቤቱ በሚሠራበት፣ ውሉ ቀን በተጻፈበት፣ ባለመሬቱ የመንግሥት ኮርፖሬሽን በሆነበት አገር ነው። ዶን ሙአንግ ላይ ደግሞ ባለይዞታው ጦሩ ራሱ ነው። ታይላንድ ውስጥ የጦሩ ጎልፍ ሜዳዎች ፓርላማ ድረስ ያከራከሩ ናቸው። ተቺዎቹ የሕዝብ መሬት ለጥቂት መኮንኖች መዝናኛ ሆነ ይላሉ። ተከላካዮቹ ቦታው በሁለት መንደርደሪያ መሀል ስለሆነ ለሌላ አይውልም ይላሉ። ጨዋታው ለጊዜው ነው ተብሎ የገባ ጎልፍ ሜዳ አባላት ያፈራል፤ አባላቱም ስልክ የሚነሳላቸው ሰዎች ናቸው።

ቢሾፍቱ ላይ ቢታሰብ

ቦሌ ሲሠራ ከከተማ ወጣ ያለ ሜዳ ነበር። ዛሬ ገርጂ፣ ቡልቡላ፣ ቦሌ ሚካኤል ከብበውታል። አዲሱም ኤርፖርት በተከፈተ በ20 ዓመት ውስጥ ያው ዕጣ እንዳይገጥመው ዙሪያውን የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። ባዶ መሬት ከተተወ ጨረቃ ቤት ይበቅልበታል። ስለዚህ «ምን ይሁንበት?» የሚለው ጥያቄ የግድ ይመጣል። ከሆቴልና ከኮንፈረንስ አዳራሽ ጋር ጎልፍ ሜዳ የሚል ሐሳብ ቢነሳ አያስገርምም። ኤርፖርትን እንደ ከተማ የሚያዩት ባለሙያዎች «ኤሮትሮፖሊስ» ይሉታል፤ በማረፊያው ዙሪያ የሚያድግ የንግድ ከተማ ማለት ነው።

እርሻ ይሁን የሚል ይኖራል። የአዳ ጤፍ አገር ስለሆነ ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን አዝመራ ሲደርስ እህል ወፍ ይሰበስባል፤ የባሕር ዳሩን ርግብ ማስታወስ ነው። ሕንድ ውስጥ ኮቺን ኤርፖርት ሌላ መንገድ ይዟል። በ2015 ሙሉ በሙሉ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የመጀመሪያው ኤርፖርት ሆነ፤ የፀሐይ ሰሌዳዎቹ ባዶውን መሬት ያዙት። የሚገርመው ያው ኤርፖርት ጎልፍ ሜዳም አለው። ሰሌዳ አይበላም፣ አይጠጣም፤ ነጸብራቁ አብራሪውን እንዳያሳውር አስቀድሞ መለካት ብቻ ይፈልጋል። ምርጫው የእኔ ቢሆን ለመንደርደሪያው ጫፍ ሰሌዳውን እመርጣለሁ። ጎልፉን ካስፈለገ ወደ ጎን፣ ከበረራው መስመር ውጭ፣ ኩሬ ሳይኖረው፣ የሚያበቃበት ቀን በውሉ ላይ በግልጽ ተጽፎ።

ይሁን እንጂ ክርክሩ ሁሉ ጎልፍ ላይ ካረፈ ትልቁ ሥራ ይረሳል። በእንግሊዝም ሆነ በዓለም አቀፍ አሠራር ወፍ የሚስቡ ነገሮች የሚመረመሩት ከኤርፖርቱ በ13 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ነው። የዚህ ክብ ስፋት 530 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አዲስ አበባን የሚያህል ቦታ ማለት ነው። ቢሾፍቱ አካባቢ በዚያ ስፋት ውስጥ ምን ይገባል? የሐይቅ ዳርቻ፣ የዶሮ እርባታ፣ ቄራ፣ የጤፍ አውድማ፣ ከከተማው ጋር አብሮ የሚያድግ የቆሻሻ መጣያ። ጭልፊትና አባ ኮዳ የሚሰበሰቡት የተላጨ ሣር ላይ አይደለም፤ ሥጋ ያለበት ቦታ ነው። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ መዝግቦ፣ ከእያንዳንዱ ባለቤት ጋር ተነጋግሮ፣ በየወቅቱ የሚቆጥር ቡድን ያስፈልጋል። የሚሠራ ጎልፍ ሜዳ ካለም እዚያ መዝገብ ላይ ይገባል፤ ከቆሻሻ መጣያው ብዙ መስመር ዝቅ ብሎ።